ክረምት ሲገባ መኪናችን ውስጥ የሚገባው ውኃ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። የቤተሰባችን መኪና አሮጌ ኮሮላ ናት። ሁለት ክረምት ሙሉ ወለሏ እየራሰ፣ የልጆቹ ደብተር እየበሰበሰ፣ መስታወቷ ጠዋት ጠዋት በላብ እየተሸፈነ አስቸግራናለች። ያንን ውኃ ፈልጌ እስካገኝ ድረስ ብዙ ተማርኩ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤትም ዘመድም ሰኔ ግም ሲል ይደውልልኛል። የሚጠይቁኝ ነገር ተመሳሳይ ስለሆነ መልሱን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ወለሉ ርሷል። የዝናብ ውኃ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መኪና ውስጥ የሚገኝ ውኃ ሁሉ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በእጃችሁ ንኩት፣ አሽትቱት።

ቅባት ቅባት ካለው፣ ጣፈጥ ያለ ሽታ ካለው፣ የፊት መስታወቱም ከውስጥ በቅባታማ ጉም ከተሸፈነ ኩላንት፣ ማለትም የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው። ከዳሽቦርዱ ሥር ያለችው የማሞቂያዋ ትንሽ ራዲያተር ወይም ቱቦዋ አፍስሳለች ማለት ነው። የኩላንቱ መጠን እየቀነሰ መሆኑን ተመልከቱ። ይህ የሞተር ጉዳይ ስለሆነ አትዘግዩ።

ንጹሕ፣ ሽታ የሌለው ውኃ ሆኖ በበጋ ከመጣ ደግሞ ኤሲውን ጠርጥሩ። እኛ ደጋ የምንኖር ሰዎች ኤሲ የምንከፍተው ከስንት አንዴ ነው። ደጀንን አልፈን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ግን ሙቀቱ ያስገድደናል። ኤሲ ሲሠራ ከአየሩ ውኃ ያወጣል። ያ ውኃ በቀጭን ቱቦ ከመኪናው ሥር ይንጠባጠባል። ቱቦው በአቧራ ከተደፈነ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ስለዚህ በመጋቢት ጎሐ ጽዮን ደርሳችሁ ወለሉን እርጥብ ካገኛችሁት ዝናብን አትክሰሱ፤ ቱቦውን አስጠርጉ።

ዝናብ በዘነበ ማግስት ብቻ የሚታይ፣ ጭቃ ወይም ቅጠል ቅጠል የሚሸት ውኃ ከሆነ ግን ዝናብ ነው። የቀረው ጽሑፍ ስለ እሱ ነው።

ውኃው የተጠራቀመበት ቦታ ነው የሚገባበት?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። እኔን ያደከመኝም ይኸው ነው።

ውኃ ላሜራውን ተከትሎ፣ የሽቦ እሽጉን ተከትሎ፣ ከሞኬቱ ሥር ተደብቆ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ዝቅ ያለ ቦታ ሲያገኝ ይቆማል። ከፊት የገባ ውኃ ከኋላ ወንበር ሥር ይገኛል። ከጣሪያ የገባ ውኃ ጣሪያውን በሚሸከመው ምሰሶ ውስጥ ወርዶ ሾፌሩ እግር ሥር ይወጣል።

መኪናው የሚያድርበት ቦታም ይወስናል። የጎጃም ከተሞች ግቢ ብዙው ተዳፋት ነው። አፍንጫውን ወደ ታች አድርጋችሁ ስታቆሙት ፊት ከራሰ፣ ወደ ላይ አዙራችሁ ስታቆሙት ደግሞ ኋላ ከራሰ፣ ያያችሁት የመሬቱን ዘንበልታ እንጂ ቀዳዳውን አይደለም። ለሁለት ሌሊት አዙራችሁ አቁሙና ልዩነቱን አስተውሉ። ምንም ወጪ የሌለው ምርመራ ነው።

እና የሚገባበትን እንዴት አድርጌ ላግኘው?

ሁለት ሰው፣ አንድ ባትሪ፣ አንድ የውኃ ጎማ ይበቃል። ቧንቧ ከሌለ ባልዲና ጆግም ይሠራል፤ ብቻ ትዕግሥት ይጠይቃል።

መጀመሪያ አድርቁ። በእርጥብ ወለል ላይ አዲስ ውኃ ማየት አይቻልም። ምንጣፉን አውጡ፣ ከበሩ ሥር ያለውን ፕላስቲክ ነቅላችሁ ሞኬቱን ግለጡ፣ ላሜራው እስኪታይ ድረስ። ከዚያ ሶፍት ቀድዳችሁ በበሩ ዙሪያ፣ በዳሽቦርዱ ሥር፣ በምሰሶዎቹ ግርጌ፣ በስኮርት ጎማው ጉድጓድ ውስጥ አንጥፉ። ደረቅ ሶፍት አንዲት ጠብታ እንኳ ያሳብቃል።

አንዱ ሰው ውስጥ ገብቶ በሩን ይዝጋ። ሌላው ውጭ ሆኖ ውኃውን ዝም ብሎ ያፍስስ። እንደ ዝናብ በስሱ ይሁን፤ በኃይል አይረጭ። የሚጀመረውም ከታች ነው። መጀመሪያ የበሩ ግርጌ፣ ቀጥሎ የመስታወቱ ሥር፣ ቀጥሎ የፊት መስታወቱ ግርጌ፣ መጨረሻ ላይ ጣሪያው። ከላይ ከጀመራችሁ ውኃው ሁሉንም ነገር አንድ ላይ ያረጥበውና በየት እንደገባ ሳይታወቅ ይቀራል። በእያንዳንዱ ቦታ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆዩ። ብዙ ሰው 1 ደቂቃ አፍስሶ «ምንም የለም» ይላል። ዝናቡ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚዘንበው።

ውስጥ ያለው ሰው ባትሪውን ይዞ ዓይኑን ከሽቦ መግቢያዎቹና ከምሰሶዎቹ አይንቀል። የመጀመሪያዋን ጠብታ ሲያይ ይጩህ። ያኔ ውኃው የሚፈስበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት።

ላቫጆ ላይ በኃይለኛ ውኃ ሲያጥቡት ብመለከትስ?

አይሆንም። ያ ግፊት ደህና ጎማንም አልፎ ይገባል። የሌለ ቀዳዳ ያሳያችኋል።

ከፊት፣ ከተሳፋሪው እግር ሥር ነው የሚርሰው። ከየት ይሆን?

የእኔም እዚያ ነበር። ኮፈኑን ክፈቱና ከዝናብ መጥረጊያዎቹ ሥር ያለውን ፕላስቲክ ተመልከቱ። ከፊት መስታወት የሚወርደው ውኃ ሁሉ ከዚያ ሥር ባለ ቦይ ይሰበሰባል፤ በግራና በቀኝ ጥግ ባሉ ቀዳዳዎች ወደ መሬት ይወርዳል። ቀዳዳዎቹ ከተደፈኑ ቦዩ እንደ ገንዳ ይሞላል። የቬንቲላተሩ አየር መሳቢያም ያለው እዚያው ነው፤ በአብዛኞቹ መኪኖች በተሳፋሪው ወገን። ውኃው ሲሞላ በዚያ መሳቢያ ዘልቆ እግር ሥር ይዘረገፋል።

የሚደፍነው ቅጠል ነው። ባሕር ዳር ከጃካራንዳ ሥር የሚያቆም ሰው ደቃቃውን ቅጠልና አበባ ያውቀዋል፤ በየትኛውም ወንፊት ያልፋል። እንጅባራና ፋግታ አካባቢ ደግሞ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ቅጠል አለ፤ እሱም ደቃቅ ነው። ማርቆስ የእኛ ግቢ ባሕር ዛፍ አለው። የእኔ መኪና ቦይ ውስጥ ያገኘሁት ሁለት እፍኝ የበሰበሰ ቅጠልና አፈር ነበር። አውጥቼ አንድ ባልዲ ውኃ አፈሰስኩበት። በሁለቱም ጎን ወለል ብሎ ወረደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወለሉ ደረቅ ነው።

ፕላስቲኩን ለመንቀል መጥረጊያዎቹን መፍታት ሊያስፈልግ ይችላል። ከመፍታታችሁ በፊት የቆሙበትን ቦታ መስታወቱ ላይ በናስትሮ ምልክት አድርጉ፤ ያለዚያ ስትመልሷቸው ይጋጫሉ። ቅጠሉን በእጅ አውጡ እንጂ በውኃ ገፍታችሁ ወደ ቀዳዳው አታስገቡት።

ቦዩ ንጹሕ ሆኖም ውኃ ከገባ፣ ከሞተሩ ወደ ጋቢና ሽቦ የሚያልፍባቸውን ጎማዎች እዩ። አላርም ወይም ጂፒኤስ ያስገጠማችሁ ከሆነ በተለይ። ገጣሚው ሽቦ ለማሳለፍ ጎማውን በስቶ ሳይደፍነው መሄዱ የተለመደ ነው።

የበሩ ጎማ ደህና ነው። ግን ከበሩ ሥር ውኃ ይገባል። እንዴት ሊሆን ይችላል?

ይህ ጥያቄ ቢደጋገም አይገርመኝም፤ ምክንያቱ ከዓይን የተሰወረ ነው።

በር ውስጥ ውኃ መግባቱ ጥፋት አይደለም። የተሠራው እንደዚያ ነው። ዝናብ በመስታወቱ ላይ ወርዶ በመስታወቱና በጎማው መካከል ወደ በሩ ሆድ ይገባል። ከዚያ በበሩ ግርጌ ባሉ ቀዳዳዎች ይወጣል። ያ ውኃ ወደ እኛ እንዳይመጣ የሚከለክለው ከበሩ የውስጥ ሽፋን ጀርባ የተለጠፈ ስስ ፕላስቲክ ነው።

አሁን አስቡት። የመስታወት ሞተር ተበላሽቶ ተጠገነ። ወይም ስፒከር ተገጠመ። ሠራተኛው ያንን ፕላስቲክ ቀደደው፣ ወይ ላጠውና መልሶ ሳይለጥፈው ሽፋኑን ዘጋበት። ምንም አይታይም። ክረምት ሲመጣ ግን ውኃው በተላጠው በኩል ወደ ወለሉ ይወርዳል። እናንተ የበሩን ጎማ ትቀይራላችሁ፤ ውኃው ይቀጥላል። በር አስጠግናችሁ ከሆነና ከዚያ ወዲህ የመጣ ችግር ከሆነ ሌላ ቦታ አትፈልጉ።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ሽፋኑን ፍቱ። ፕላስቲኩ ከተቀደደ ወፈር ያለ የግንባታ ፕላስቲክ በልኩ ቁረጡ። ማጣበቂያው ቢዩታይል የሚባለው፣ እንደ ማስቲካ የሚለጠጠው ጥቁሩ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ አይደርቅም፣ ነገ ሲከፈትም አይቀደድም። ላሜራውን በደንብ አድርቃችሁና አጽድታችሁ ለጥፉት። የፕላስቲኩ የታችኛው ጠርዝ ውኃውን ወደ በሩ ሆድ እንዲመልስ ሆኖ ይግባ። ዋናው ነገር ግርጌው ነው።

የበሩን ግርጌ ቀዳዳዎችም በቀጭን እንጨት ጠርጉ። የእኛ አገር ጭቃ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ነው። በሩን ስትዘጉ ውስጡ ውኃ ሲንቦጫረቅ ከሰማችሁ ተደፍነዋል ማለት ነው። ብዙ ከቆየ በሩ ከውስጥ ዝጎ ያልቃል።

የበር ጎማ መቀየር እንዳለበት እንዴት ልወቅ?

አንድ ወረቀት በጎማውና በበሩ መካከል አድርጋችሁ ዝጉት። ስትስቡት መያዝ አለበት። ያለ ምንም ትግል ከወጣ እዚያ ቦታ ላይ ጎማው ደክሟል፣ ወይም በሩ ወርዷል። በሩ የወረደ እንደሆነ አዲስ ጎማ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ባትላሜራው ማጠፊያውን ያስተካክል።

የፊት መስታወቱን ዙሪያ ሲሊኮን ብቀባውስ?

እባካችሁ አትቀቡ። ምን ያህል መኪና በዚህ እንደተጎዳ ስላየሁ ነው የምለምነው።

የፊት መስታወት የሚጣበቀው ፖሊዩሬቴን በሚባል ጠንካራ ሙጫ ነው። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው፣ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ሲሊኮን አሲድ አለው፤ ላሜራውን ያዝጋል። ከዚያም በላይ፣ አንዴ ሲሊኮን በነካው ቦታ ላይ እውነተኛው ሙጫ በደንብ አይዝም። ዛሬ ላይ ላዩን የደፈናችሁት ቀዳዳ የነገውን ጥገና ያበላሻል። ውኃውም ብዙ ጊዜ ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

በውኃ ፈትሻችሁ ከመስታወቱ ጠርዝ መሆኑ ከተረጋገጠ መስታወቱ ወጥቶ እንደገና መጣበቅ አለበት። አሮጌው ሙጫ ሲቆረጥ ቀለሙ ከተጫረ፣ ወይም ዝገት ከተገኘ፣ ይጽዳና ፕራይመር ይቀባ። ዝገት ላይ የተለጠፈ ሙጫ ከዝገቱ ጋር ተላጦ ይነሣል። ከተገጠመ በኋላ ሙጫው እስኪጠነክር በተባላችሁት ሰዓት ልክ አቁሙት። የጎን መስታወት ሁሉ ዘግታችሁ በር በኃይል አትዝጉ፤ የታፈነው አየር ሙጫውን ይገፋዋል።

ከጣሪያው ይንጠባጠባል።

የሚከፈት ጣሪያ ካለው ቱቦዎቹን ተመልከቱ። በጣሪያው መስኮት ዙሪያ ቦይ አለ፣ ከየጥጉም ቀጭን ቱቦ በምሰሶው ውስጥ ወደ መሬት ይወርዳል። ጥቂት ውኃ በቀዳዳው ላይ አፍስሱና በመኪናው ሥር መውጣቱን እዩ። ካልወጣ ለስለስ ባለ ቀጭን ፕላስቲክ ሽቦ ቀስ ብላችሁ ጥረጉት። ጎሚስታ ቤት ሄዳችሁ በኮምፕረሰር አታስነፉት። ቱቦው ከመጋጠሚያው ከወለቀ ጣሪያው ሁሉ ካልተፈታ አይመለስም።

የሚከፈት ጣሪያ ከሌለው የአንቴናውን ግርጌ፣ የፖርቶመጋላውን ብሎኖች፣ በጣሪያው ጎንና ጎን ያለውን ረጅም ጎማ እያነሣችሁ የላሜራውን መጋጠሚያ ፈትሹ። ጣሪያ ላይ ኩንታል የሚጭን መኪና ብሎኖቹ ይላላሉ።

የኋላው የዕቃ መጫኛ ውኃ ይይዛል።

ከቢቸና ጤፍ አምጥተን አንድ ሌሊት መኪናው ውስጥ አሳደርነው። ጠዋት ጆንያውን ስናነሣ ግርጌው ርሶ ቡላ ሆኗል። ያኔ ነው ስኮርት ጎማው የተቀመጠበት ጉድጓድ በውኃ ተሞልቶ፣ ከላይ ያለው ሰሌዳ እየጠጣው እንደነበር ያየነው።

ቀላሉ ዘዴ ይህ ነው። ዕቃውን ሁሉ አውጡ። አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ውስጥ ይግባ፤ የኋላ ወንበሩ የሚታጠፍ ከሆነ በዚያ በኩል ይመልከት። ክዳኑ ላይ ውኃ ይፍሰስ። ሕፃን ልጅ ግን ለዚህ ሥራ አታስገቡ።

የኋላ መብራቶቹን ጋስኬት መጀመሪያ ጠርጥሩ። መኪናው ከኋላ ተመትቶ ከነበረ መብራቱ ከላሜራው ጋር እኩል ላይቀመጥ ይችላል። ሁለት ሦስት ብሎን ፈትቶ ጋስኬቱን መቀየር ነው። ቀጥሎ የክዳኑን ጎማ፣ ቀጥሎ የላሜራ መጋጠሚያዎችን። ከኋላ ፓራውልቱ ጀርባ ደግሞ በሮች ሲዘጉ አየር የሚወጣባቸው ክዳን ያላቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ዙሪያቸው ያለው ጎማ ከተሰነጠቀ የመኪናው እግር ሲሽከረከር የሚረጨው ውኃ ይገባል።

ሲዘንብ ምንም የለም። ኩሬ ስሻገር ነው የሚገባው።

ከሥር ነው። ወለሉ ዝጎ ተበስቷል፣ ወይም የወለሉ የጎማ ውታፍ ወድቋል። መኪናው ይነሣና በባትላሜራ ይታይ። ዝገቱ ሳይቆረጥ ስቱኮ ከተደረገበት ዓመት አይቆይም።

ቀዳዳው ተገኘ። በክረምት ያለ ፀሐይ እንዴት ላድርቀው?

ከባዱ ሥራ ይህ ነው። ሞኬቱ ከላይ ደርቆ ታገኙታላችሁ፤ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ግን ውኃውን ለሳምንታት ይይዛል። ሽታውም፣ ዝገቱም፣ የመስታወቱ ላብም ከዚያ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ስፖንጁ መነሣት አለበት።

ወንበሩ መፈታት ካለበት ተጠንቀቁ። ከሥሩ የኤርባግና የቀበቶ ሽቦ ሊኖር ይችላል። መጀመሪያ ቁልፉን አጥፉ፣ የመኪናውን ባትሪ ኔጋቲቭ ፍቱ፣ ከ10 ደቂቃ በላይ ጠብቁ። ሽቦው እንደተነቀለ መኪናውን አታስነሡ፤ የኤርባግ መብራቱ በርቶ ይቀራል።

ስፖንጁን በእጅ ጨምቁት፣ በደረቅ ጨርቅ ጠቅጥቁት። ከዚያ ቤት ውስጥ አየር በሚያልፍበት ቦታ ስቀሉት። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በሐምሌ ጉሙ ቀን ሙሉ ላይገለጥ ይችላል። ሦስት ቀን ቢፈጅ አትቸኩሉ። የመኪናውን ላሜራ ለማድረቅ ቬንቲላተር ማስገባት፣ ወይም ስትነዱ ማሞቂያውን ከፍታችሁ መስታወቱን ጥቂት ዝቅ ማድረግ ይረዳል። እርጥቡ አየር መውጫ ይፈልጋል። ማሞቂያ ከፍቶ ሁሉንም መዝጋት ላቡን መልሶ ያጠጣዋል።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አታድርጉ። የከሰል ምድጃ መኪና ውስጥ አስገብቶ ማድረቅ። ከሰል በእጃችን ስላለ የሚያስቡት ሰዎች አሉ። የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለው፤ በዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ሰው ይገድላል። መኪናውን በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አስነሥቶ ማቆየትም እንዲሁ ነው።

ሽታው አልጠፋም። ሻጋታም አለ።

ስፖንጁ በእርግጥ ደርቋል? መጀመሪያ እሱን አረጋግጡ። እርጥብ ነገር ላይ ሽቶ መርጨት ትርፉ ራስ ምታት ነው።

ከደረቀ በኋላ አቼቶ ከእኩል ውኃ ጋር ቀላቅላችሁ ሻጋታውን ጥረጉ፣ በሮቹን ከፍታችሁ አናፍሱ። በረኪና ሞኬቱን ያነጣዋል። አቼቶና በረኪና ደግሞ በአንድ ላይ አይደረጉም፤ ሲገናኙ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። አስም ያለበት ልጅ ካለ በዚያ መኪና ከመመላለሱ በፊት ሥራው ይለቅ።

የኤርባግ መብራት በርቷል። ከውኃው ጋር ይገናኛል?

ሊገናኝ ይችላል። ከሞኬቱና ከወንበሩ ሥር የሽቦ መጋጠሚያዎች አሉ። ውኃ ሲቀመጥባቸው አረንጓዴ ዝገት ያወጣሉ። ኤሌክትሪሻን ይየው፤ ኤርባግ ላይ ራሳችሁ አትሞክሩ።

ለጋራዥ ስሰጥ ምን ብዬ ልስጥ?

«ውኃ ይገባል፣ ድፈኑልኝ» አትበሉ። ሲሊኮን ተቀብቶ ይመለስላችኋል። እኔ ሁለቴ ሆኖብኛል።

«የሚገባበትን በውኃ ፈትሻችሁ በዓይኔ አሳዩኝ፣ ከዚያ ስለ ዋጋው እንነጋገር» በሉ። የሞከራችሁትን ሁሉ ንገሯቸው፦ መቼ እንደሚርስ፣ መኪናው እንዴት ቆሞ እንደነበር፣ ከዚህ በፊት ምን እንደተጠገነ። ፎቶ ካላችሁ አሳዩ። ጥሩ ባለሙያ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ ግማሽ ሥራውን ሠርታችሁለታል። ሥራው ሲያልቅም ውኃ ፈሶ ሳታዩ አትረከቡ።

ያገለገለ መኪና ልገዛ ነው። ውኃ እንደገባበት እንዴት አውቃለሁ?

በበጋ የሚሸጥ መኪና ደረቅ ነው። ስለዚህ ምልክቱን ፈልጉ። በሮቹ ለጥቂት ጊዜ ተዘግተው ይቆዩ፣ ከዚያ ክፈቱና ወዲያው አሽትቱ። ስኮርት ጎማውን አንሡ፤ ከሥሩ የውኃ መስመር ወይም ዝገት አለ? የወንበሩን ብሎኖች ተመልከቱ፤ ደህና መኪና ውስጥ ያለ ብሎን በቀላሉ አይዝግም። የደኅንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ጎትታችሁ አውጡ። ተጠቅልሎ የሚኖረውን ክፍል ሻጭ ብዙ ጊዜ አያጥበውም፤ የጭቃ ወይም የሻጋታ ምልክት እዚያ ይቀራል። የሞኬቱን ጥግ ገልጣችሁ ስፖንጁን ጫን በሉት። ከተፈቀደላችሁም ሁለት ባልዲ ውኃ ከፊት መስታወቱ ላይ አፍስሱና እግር ሥር ያለውን ላሜራ በእጃችሁ ዳስሱ።